ደረቅ ነው

“በቃ፣ ዝጊው!” አለች እናት።

ልጅቷ ቧንቧውን ጠምዝዛ ዘጋች። ውሃው ጀልባዋ ሆድ ውስጥ በጠመኔ የተሰመረው መስመር ላይ ደርሶ ትንሽ ተወዛወዘና ጸጥ አለ። ግቢው መሐል በሁለት ካቫሌቶ፣ በእንጨት መደገፊያዎች ላይ የተጋደመችው አሮጌ የአሉሚኒየም ጀልባ እንደ ገንዳ ሞልታለች።

ጀልባ በሁለት መንገድ ይፈተናል። ወይ ሰው ጭኖ ሐይቅ ላይ ይወጣል፣ ወይ ግቢ ውስጥ ሆዱን በውሃ ሞልተው ከሥር ያንጠባጥብ እንደሆነ ያያሉ። በመጀመሪያው መንገድ ይህ ቤት አባወራውን አጥቷል። ጀልባዋ እስከ ግማሿ ውሃ ጠጥታ ባዶዋን ተገኘች፤ እሱን ሐይቁ ዘግይቶ መለሰው።

ስለዚህ ዛሬ በእናትና በልጅ መካከል ውል አለ። የግቢው ግንብ ጥላ የፊተኛውን ካቫሌቶ እግር ሳይነካ አንዲት ጠብታ ከወረደች፣ የሰፈሩ በያጅ ጀልባዋን ቆራርጦ ይወስዳታል። ካልወረደች ልጅቷ ሞተሩን ገጥማ የአባቷን ሥራ ትይዛለች፤ ሰው ከዳር ወደ ዳር ታሻግራለች። ስትፍቅ፣ ስትሰረስር፣ የላሜራ ማያያዣ ሪቬት ስትመታ የከረመችው ለዚህች ቀን ነው።

ሰፈሩ ፍንጣሪ የሚለው በያጅ መቁረጫ ማሽኑን ጭኑ ላይ አስቀምጦ በሩ ሥር ተቀምጧል።

“እትዬ፣ እስከዚያው ቱታዬን ልዘፍዝፍባት?”

“ቁረጥ ያልኩህ ቀን መጀመሪያ የማስቆርጥህ ምላስህን ነው።”

“ኧረ እሱን ተይልኝ፣ የምበላው በእሱ ነው!”

እናት ቀሚሷን ሰብስባ ከጀልባዋ ሥር ገባች። ላሜራዎቹን የሚያያይዙትን የሪቬት ረድፎች ሁሉ አስቀድማ ጠመኔ ቀብታቸዋለች፤ እርጥበት የነካው ጠመኔ ይጠቁራል፣ አይዋሽም። ከውጭ በኩል እጇ ያልደረሰበት ቦታ የለም። ጀልባዋ ውስጥ ግን ባሏ ከሄደ ወዲህ እግሯን አላስገባችም። ድሮ እሱ ከውጭ በመዶሻ ሲመታ፣ ከውስጥ ብረት ደግፋ የምትይዝለት እሷ ነበረች። ብረቱን ቦታው ስታደርስ አንዴ ኳ ታደርጋለች፤ ያኔ ይመታል። አሁን ለልጅቷ ብረት የሚይዝላት ፍንጣሪ ነው።

ልጅቷ በማዶ በኩል ተንበረከከች። የት እንደምታይ ታውቃለች። ከጀልባዋ አፍንጫ አጠገብ ካለው ረድፍ አንዲቷን ሪቬት አልነካቻትም። አባቷ የመታት ናት። የመዶሻው ጠርዝ ሸርፎ ስለነበር በሚመታው ሁሉ ላይ ቀጭን ጨረቃ ያትም ነበር። ሌሎቹን ላልተው ስላገኘቻቸው አውጥታ በአዲስ ሪቬት ቀይራ በአዲስ መዶሻ መታለች። ይህችን ግን መሰርሰሪያውን አስጠግታ፣ መልሳ፣ ደግሞ አስጠግታ፣ “ጠንካራ ናት” ብላ ራሷን አሳምና ተወቻት።

ጨረቃዋ ዙሪያ ያለው ጠመኔ ጠቆረ።

አንዲት ጠብታ ብቅ አለች። ጠብታዋ ወፈረች፣ ተንጠለጠለች። ጥላው ከካቫሌቶው እግር ቢቀረው አንድ ጣት ነው። አውራ ጣቷ ከሐሳቧ ቀድሞ ሄዶ ደፈናት።

“በአንቺ በኩልስ?” አለች እናት ከወዲያ።

“ደረቅ ነው።”

ውሃው በአውራ ጣቷ ሥር ሾልኮ በእጅጌዋ ውስጥ እስከ ክርኗ ወረደ። አልተነቃነቀችም።

“ደረሰ!” ፍንጣሪ ከተቀመጠበት ተነሳ። “እትዬ፣ ጥላው ደረሰ! በይ እንግዲህ፣ እኔም ባዶ እጄን ልሂዳ!”

እናት በረጅሙ ተነፈሰች። ከአንገቷ ክር ላይ የሞተሩን ቁልፍ አወጣችና እዚያው ቁጭ ብላ በእጇ አገላበጠችው።

“አባትሽም ያን ቀን ጠዋት ‘ደረቅ ነው’ ብሎኝ ነው የወጣው” አለች። “የእሱን አምኜ አላውቅም። ያንቺን አምናለሁ። ነይ፣ ውሰጂ።”

ልጅቷ ጣቷን አላነሳችም።

“እማዬ... አንቺ ነይ።”

እናት ዞራ መጣች። ልጅቷ እጇን አነሳች። ጠብታዋ ወረደች፤ ሌላዋም ተከተለቻት። እናት መጀመሪያ የልጇን የራሰ እጅጌ፣ ቀጥላ ጨረቃዋን አየች። ቁልፉን ጨበጠችው።

“እንግዲህ ቃል ቃል ነው” አለ ፍንጣሪ ቀስ ብሎ። ማሽኑን አነሳ፤ ዓይኑ ግን መሬት መሬቱን ያያል።

“ቁረጣት ካለችህ ትቆርጣታለህ” አለች ልጅቷ። “ይህችን ሪቬት ግን የማወጣት እኔ ነኝ።”

ከጀልባዋ ኋላ ያለውን መድፈኛ ነቀለችው። ውሃው ግቢውን አጥለቀለቀ፤ ፍንጣሪ “ማሽኔን! ማሽኔን!” እያለ እንደ ሕፃን አቅፎት የቤቱ ደረጃ ላይ ወጣ። የሳቀ የለም። የጀልባዋ ሆድ ሲጎድል፣ ልጅቷ የእጅ መሰርሰሪያውን ጨረቃዋ መሐል አስደግፋ ማዞር ጀመረች። የአሉሚኒየም ፍቅፋቂ እየተጠቀለለ ጫማዋ ላይ ረገፈ። የሪቬቷ ራስ ተነቅሎ መዳፏ ላይ ወደቀ። ይሞቃል። ከጨረቃዋ ግማሿ ቀርታለች።

አዲስ ሪቬት ከጣሳው አነሳች። ወደ ማንም ሳታይ፣ “ብረት የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ” አለች።

ፍንጣሪ ማሽኑን አስቀምጦ ሊመጣ ሲል፣ “አንተ ባለህበት” አለችው እናት።

ቁልፉን መልሳ አንገቷ ላይ አጠለቀች። “እንደገና ትሞያታለሽ” አለች። “ጥላ ነገም አለ።”

ከባሏ የመሣሪያ ሳጥን ውስጥ ድሮ የምትይዝለትን አጭር ድፍን ብረት አወጣች። መዶሻውንም አወጣችና ለልጅቷ አቀበለቻት፤ ጠርዙ እንደሸረፈ ነው። ከዚያ ጫማዋን አወለቀች፣ የጀልባዋን ጠርዝ ያዘች፣ ተሻግራ ገባች።

ልጅቷ ሪቬቷን በቀዳዳው ሰክታ ጠበቀች። ከውስጥ የእናቷ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል።

ቆይቶ፣ ከጀልባዋ ሆድ አንዴ ኳ አለ።