እርሾውና ባዕዱ

ሻሺቱ ሴቻ ሰፈር ካለው ግቢዋ የጓሮውን ክፍል ለብዙነህ ካከራየች ወዲህ ልቧ አላረፈም። ሰውየው ጨዋ ነው። ሸሚዙ ንጹሕ፣ አንደበቱ ለስላሳ። ሻሺቱ ደግሞ እንዲህ ያለውን ወንድ አታምንም።

ሥራውን ስትጠይቀው «ላቦራቶሪ» ብሏት ነበር። አሁን ደግሞ ለልጅ ልጇ ለአቢጋኤል አዲስ አበባ፣ መድኃኒት ፋብሪካ ውስጥ ሥራ አገኘሁላት ይላል። አቢጋኤል ሐይቁ ዳር ዓሣ ቤት ስታስተናግድ መዋል ሰልችቷታል። ሻንጣዋን አራግፋ ፀሐይ ላይ አስጥታለች። የቀረው የአያቷ እሺታ ነው። ሻሺቱ ደግሞ ከእሷ ሌላ ሰው የላትም።

እሑድ ከቸርች ስትመለስ ብዙነህ ስልክ ሲያወራ የጭቃውን ግድግዳ አልፎ ተሰማት።

«አስተናጋጇ ጤነኛ ናት። ባዕዱን ያለ ችግር ትቀበላለች። ሐሙስ እናወጣለን።»

ባዕድ! ሌላው ቃል በጆሮዋ ጥግ አለፈ። ይህቺን ግን ከመጋቢው ስብከት ታውቃታለች። ባዕድ አምልኮ!

በቀጥታ ጎረቤቷ መምህር ታዴዎስ ዘንድ ሄደች። ባዮሎጂ ያስተምራል።

«ጠንቋይ ነው ያከራየሁት! ባዕድ ያስገባል፣ ባዕድ ያስወጣል!»

«እማማ፣ ቀስ ይበሉ እንጂ።»

«አንተ ቀስ በል! ልጄን ለመንፈስ ሊገብርብኝ ነው!»

ተያይዘው መጡ። ብዙነህ ነገሩን ሲሰማ አልደነገጠም፤ ሳቀ። በእንጨት መሬት ላይ ክብ ሣለ።

«ይቺ ባክቴሪያ ናት እንበል። እርሾም ይሆናል። አስተናጋጅ እንላታለን። ኢንሱሊን የሚያሠራውን የሰው ዘረ መል እናስገባባታለን። ለእሷ ባዕድ ነው፤ ግን ተቀብላ የሰውን ፕሮቲን ታመርታለች። ሲበቃ ሰብረናት ፕሮቲኑን እናወጣዋለን።»

«እርሾ ሰው ይወልዳል በለኛ!» አለች ሻሺቱ።

«ሰው አይወልድም፤ የሰው መድኃኒት ይወልዳል።»

ታዴዎስ ፊቱ በራ። «ልክ ነው፣ እማማ! የስኳር ሕመምተኞች የሚወጉት እኮ እንዲህ ነው የሚሠራው። ምን ዓይነት የተማረ ሰው ነው ያገኙት!»

አቢጋኤል በር ላይ ቆማ ሳቋን በመዳፏ አፈነች። እስከ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶ «ሻሺቱ፣ እርሾሽ ወለደ ወይ?» ይላት ጀመር።

ሻሺቱ ይቅርታ መጠየቅ አታውቅበትም። የጓሮዋን የሀለኮ ቅጠል ቀቅላ፣ የበቆሎ ቂጣ አድርጋበት ለብዙነህ አቀረበችለት።

«ብላ፣ አንተ ጠንቋይ!»

ብዙነህ እየሳቀ በላ።

ሐሙስ ጠዋት የዶርዜ ጋቢዋን አቢጋኤል ትከሻ ላይ ጣለች። መኪናው በር ላይ ቆሟል። የልጅቷን እጅ ይዛ ራሷ ብዙነህ እጅ ውስጥ አኖረችው።

«አደራ» አለችው።

ቅዳሜ አቢጋኤል ከማይታወቅ ቁጥር ደወለች፤ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አያቴ፣ ሞያሌ ደረስን፤ ፋብሪካው ኬንያ ነው እንዴ?» አለች።