አንቀጽ ዘጠና አራት

የጉባኤያችን ሰብሳቢ የሕገ መንግሥቱን የመጨረሻ አንቀጽ ፈርመው እስክሪብቷቸውን ሲከድኑ፣ አጠገቤ የተቀመጠውን መምህር ያስነጥሰዋል። እኛ እሱን "ነጠላ ሰረዝ" ነው የምንለው፤ ስምንት ወር ሙሉ ስለ ነጠላ ሰረዝ ሲጨቀጭቀን ከርሟል። ካስነጠሰው በኋላ ዞር ዞር ብሎ ያየናል። "ይማርህ" የሚለው ሰው የለም። እኔም ልለው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ምን እንደሚባል ጠፋኝና መልሼ ገጠምኩት።

ድካም ነው እላለሁ። ዘጠና አራቱንም አንቀጽ የተየብኩት እኔ ነኝ፣ ጣቶቼ ደንዝዘዋል። ታዲያ ማንም አስገድዶኝ አይደለም። እስከ ዛሬ ይህ አገር የተጻፈ ሕገ መንግሥት አልነበረውም፤ ሁሉም ነገር በልማድ ነበር የሚሄደው። የዛሬ ሦስት ዓመት ባሌን ከሥራ ቦታው ሲወስዱት በምን ሕግ ነው ብዬ ብጠይቅ፣ መኮንኑ ፈገግ ብሎ "ድሮም እንዲህ ነው፣ እህቴ" አለኝ። ይኸው እስካሁን የት እንዳለ አላውቅም። ስለዚህ "ማንም ሰው ያለ ፍርድ አይታሰርም" የሚለውን ስተይብ አልቅሻለሁ። ደስ ብሎኝ ነው ያለቀስኩት፣ አላፍርበትም።

የመጨረሻውን አንቀጽ ያረቀቁት ሰብሳቢው ራሳቸው ናቸው። ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው፤ ልማድ የሚል ቃል ሲሰሙ ደማቸው ይፈላል። "እዚህ ያልተጻፈ ልማድ ሁሉ፣ ይህ ሕግ ከተፈረመበት ደቂቃ ጀምሮ፣ ቀርቷል። ይህን ሕግ ማንም፣ መቼም፣ አይለውጠውም፣ አይጨምርበትም።" ነጠላ ሰረዞቹ የመምህሩ ናቸው። ሁሉም እጁን አውጥቶ አጸደቀው። የታይፒስት እጅ ባይቆጠርም እኔም አውጥቼ ነበር።

ሰዓቴን አያለሁ፤ ለአሥራ አንድ አምስት ጉዳይ። ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ቁጭ ብላለች። ሰባት ዓመቷ ነው። አባቷ ሳይመጣ ከቀረበት ቀን ወዲህ አሥራ አንድ ሰዓት እልፍ ካለ መንቀጥቀጥ ትጀምራለች። አንድም ቀን አሳልፌባት አላውቅም።

ለዚህም አጎቴን ነው የማመሰግነው። አጎቴ የአዳራሹ በረኛ ናቸው። ረቂቁ እንዳይወጣ፣ ሥራ ላይ ስንሆን በሩን ከውስጥ ይቆልፉና አጠገቡ ይቀመጣሉ። ልክ አሥራ አንድ ሲል ደግሞ ማንም ሳያዛቸው ብድግ ብለው ይከፍቱና "በሉ፣ አገር የትም አይሄድም፣ ወደየቤታችሁ" ይሉናል። እኔ ሳልቀጠር በፊትም እንዲሁ ነበሩ።

አሥራ አንድ ሰዓት ይሆናል። አጎቴ አይነሱም።

እንቅልፍ ሸለብ አድርጓቸው ይሆናል ብዬ ወደ እሳቸው እሄዳለሁ። ዓይናቸው ፈጧል። ቁልፉ በሩ ላይ እንደተሰካ ነው፣ እሱን ነው የሚያዩት። ልጅቷ እየጠበቀችኝ ነው፣ ይክፈቱልን እንጂ እላቸዋለሁ።

"የት ላይ ነው ያለው?" ይሉኛል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"ምኑ?"

"በሩ የሚከፈትበት። ጉባኤ ሥራ ላይ ሲሆን እንደሚቆለፍ አንቀጽ ሰባት ላይ አለ፤ ሲነበብ ሰምቻለሁ። መክፈቱን ግን አልሰማሁም። አንቺ ነሽ የጻፍሽው፣ እስቲ ንገሪኝ የኔ ልጅ፣ የት ላይ ነው?"

ይቀልዱብኛል ብዬ ፊታቸውን አያለሁ። መክፈት ይፈልጋሉ፣ ያስታውቃሉ፤ እጃቸው ግን ከጭናቸው ላይ አልነሳ ብሏቸዋል።

ወደ ሰብሳቢው ዞሬ ይዘዟቸው እላለሁ። በረኛ የማዝበት አንቀጽ አላስገባንም ይሉኛል። አሁን እናስገባዋ ስላቸው ዘጠና አራትን በጣታቸው ያሳዩኛል። ሌሎቹ የጉባኤው አባላት በየወንበራቸው እንደተቀመጡ ናቸው። ቦርሳውን ያነሳ የለም፣ ኮቱን የደረበ የለም፣ ምን ነካን የሚል እንኳ የለም። መምህሩን እንደገና ያስነጥሰዋል፤ ማንም ቀና ብሎ አያየውም።

እንዴ፣ እነዚህ ሰዎች አብደዋል እንዴ? ቁልፉ እኮ በሩ ላይ ነው። ምን አስለመነኝ፣ እኔው ራሴ እከፍተዋለሁ። አንድ ጊዜ ጠምዘዝ ማድረግ ነው። እጄን እዘረጋለሁ።

ስንዝር ሲቀረው እጄ ይቆማል። የያዘኝ ሰው የለም። ጭንቅላቴ ውስጥ አንቀጾቹ በተራ ያልፋሉ፤ ሁሉንም በቃሌ አውቃቸዋለሁ። ታይፒስት በር ትከፍታለች የሚል የለም።

ከበሩ ማዶ የትንሽ ጫማ ኮቴ ይሰማል። ቀጥሎ በሩ ቀስ ብሎ ይንኳኳል።

"እማዬ፣ አለሽ?"

አለሁ ልላት ነው። አሁን እላታለሁ። አጎቴ ቀና ብለው ያዩኛል፣ ዓይናቸው እንባ ሞልቷል፤ ምን እየሆንኩ እንደሆነ ገብቷቸዋል። ከጠረጴዛው ላይ ወረቀቶቹን አንስቼ መግለጥ እጀምራለሁ፣ መጀመሪያ ስለ ሕፃናት የሚለውን፣ ከዚያ ስለ ቤተሰብ የሚለውን። ልጅ ስትጣራ እናት አቤት ትላለች የሚል አንድ ቦታ መኖር አለበት። "እማዬ" ትላለች ደግማ፣ ድምጿ መንቀጥቀጥ ጀምሯል፤ እኔም ገጾቹን ቶሎ ቶሎ እገልጣለሁ።