ስሟ የተጠራ ዕለት

አምሳል ሸዋዓለም ከጣና ዳር እንቦጭ ስትነቅል ዐሥር ዓመቷ። ጭቃው እስከ ጉልበት፣ ውሃው እስከ ወገብ፣ ያውም በነጻ። የእንቦጭ ነቃዮቹ ማኅበር ሊቀመንበር አቶ ገበያው ግን መልኳን አያውቀውም። ሐይቁን የሚጎበኘው ከመኪና ሳይወርድ ነው፤ ጫማው ውድ ነዋ።

ዘንድሮ ጉልበቷ አልታጠፍ አላት። ለማንም ሳትናገር ወንዛዬ ፍል ውሃ ወርዳ ሁለት ወር ከረመች። አንድም ጠያቂ አልመጣ። ትናንት ስትመለስ ወረታ ከተማ አዳራሽ የበጎ ፈቃደኞች ምስጋና እንዳለ ሰማች።

«ስሜን ባደባባይ አንዴ ይጥሩልኝ እንጂ ሌላ ምናቸውን እሻለሁ!» ብላ ነጭ ለብሳ ገሰገሰች።

የማኅበሩ ጸሐፊ ትሕትና ወረቀት ይዛ ከአዳራሹ በር ቆማለች።

«ማንን ልበል፣ እናቴ?»

«አምሳል ሸዋዓለም በይ። ፈልጊ!»

ልጅቱ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አየች። «ከተሸላሚዎቹ ውስጥ የለም።»

«ድሮስ!»

«ቆይ፣ ሌላው ወረቀት ላይ አለ።» ድምጿ ዝቅ አለ። ክንዷን ደግፋ ከፊት ወንበር አስቀመጠቻት። «እግዜር ያበርታዎት።»

«ጉልበቴን ነው? እሱንስ ወንዛዬ አበርትቶታል።»

ሽልማቱ ተጀመረ። መጀመሪያ የተጠራው የሊቀመንበሩ ሾፌር ነው።

ከጉማራ ወንዝ ማዶ የመጣ ወገኔ የሚባል እንቦጭ ነቃይ ከአጠገቧ ተቀምጦ ኖሮ ጠጋ አለ። «እትዬ፣ ይኸ ደግሞ ምን ነቅሎ ነው?»

«የጌታውን በር ከፍቶ ነዋ!»

«እኛን ረሱን ማለት ነው?»

«ኤዲያ! ለመርሳትም እኮ መጀመሪያ ማወቅ ነበረባቸው።»

ፎቶ አንሺው ተሸለመ። የአቶ ገበያው አማች ተሸለመ። የምስክር ወረቀቱ አለቀ፤ የአምሳል ስም አልተነሳም። ነጠላዋን ሰብስባ ልትወጣ ስትል አቶ ገበያው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ከሁሉ የሚበልጠው ቀርቶናል» አለ። «ዐሥር ዓመት ሙሉ ያለ ደመወዝ የደከሙ እናት! እኔ በግሌ እንደ ወላጅ እናቴ ነበር የማያቸው።»

«ውሸታም» አለች አምሳል በሆዷ። ግን ነጠላዋን አስተካክላ ተመልሳ ቁጭ አለች።

«ሁላችሁም ተነሱልኝ!»

አዳራሹ በሙሉ ተነሣ። አምሳልም ተነሣች። ሕዝቡ መልኳን በደንብ እንዲያየው ዞር ብላ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ቆመች። ለዚያች አፍታ የዐሥሩን ዓመት በደል ይቅር አለችው።

«ለነፍስ ኄር ወይዘሮ አምሳል ሸዋዓለም የአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት እናድርግ።»