ማን ነው የመለሰልሽ?

«ሴትዮዋን ልሸኛት ነው፤ ቶሎ በሉኝ!» አለች ምሥራቅ፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ። ኔትወርክ የሚይዘው ከውሃ ታንከሩ ሥር ብቻ ስለሆነ እዚያችው ላይ ትንቆራጠጣለች።

ስልኩ ላይ ያሉት ሦስቱም የአእምሮ ጤና ነርሶች ናቸው፤ እሷ ከዘንገና ወዲህ ካለች ትንሽ ጤና ጣቢያ፣ ናርዶስ ከጫግኒ፣ ዘመኑ ከዳንግላ። ረቡዕ ረቡዕ በምሳ ሰዓት ተደዋውለው፣ የከበዳቸውን ታካሚ ስም ሳይጠሩ ይመካከራሉ። ዛሬ ግን ምሥራቅ ምክር አላማራትም፤ «ልክ ነሽ» እንዲሏት ብቻ ነው የፈለገችው።

«ከወለደች ሁለት ወሯ ነው። አትበላ፣ አትተኛ። ራስሽን ለማጥፋት አስበሽ ታውቂያለሽ ብዬ ጠየቅኋት፤ ‹የለም፣ እግዜርን እፈራለሁ› አለችኝ።»

«በአማርኛ?» አለች ናርዶስ።

«አማርኛማ ከየት አባቷ! አገውኛ ብቻ ነው። አማቷ አስተረጎሙልኝ።»

«ታዲያ ማን ነው የመለሰልሽ?»

ምሥራቅ አሁን ትዝ አላት። ልጅቱ እኮ ብዙ ተናግራ ነበር፤ እጇን እያወናጨፈች፣ እንባዋን እየጠረገች። አማቲቱ ያን ሁሉ በሁለት ቃል ጨረሱት። ወይ እኔ ጉድ! ለካ «ሆድ ይፍጀው» ብለው ኖሯል!

«ዘመኑ፣ አገውኛ አፍህን የፈታህበት ነው፤ እንዳትዘጋው!» ብላ ስልኩን ድንጋይ ላይ አስቀምጣ ሮጠች።

ታካሚዋ ውዴ በር ላይ የቆመ ጋሪ ላይ ወጥታለች። አማቷ እማማ ደብሪቱ ሕፃኑን ታቅፈው ባለጋሪውን «በል ንዳው» ይሉታል።

«እማማ፣ አንድ ጊዜ ትውረድልኝ። አገውኛ የሚችል ባለሙያ ስልክ ላይ አለ።»

«ኧረ በማርያም! እኔ ነግሬሽ የለ?»

«አሁን እሷ ትንገረው። እርስዎ እዚሁ ይጠብቁን።»

«የአገር መሳቂያ ልታደርጊን ነው?» አሉ።

ምሥራቅ የውዴን እጅ ይዛ ወደ ታንከሩ ወሰደቻትና ስልኩን ሰጠቻት። ዘመኑ አንድ ነገር አላት። ውዴ ግድቡ እንደተነሳለት ውሃ አወረደችው። ምሥራቅ አንዲት ቃል አልገባትም። ጥፍሯን እየነከሰች ታንከሩን ትዞራለች፤ ከጋሪው በኩል ሕፃኑ ያለቅሳል።

ውዴ ስልኩን መለሰችላት።

«አታስሄጃት» አለ ዘመኑ፤ ድምፁ ተለውጧል። «ለዓርብ ራሷን ልታጠፋ ቆርጣለች። ለምን ለነርሷ አልነገርሽም ብላት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ‹ጠዋት ሁሉንም ነግሬያታለሁ፤ ጻፈች ጻፈችና ሂጂ አለችኝ።›»

ውዴ ዐይን ዐይኗን ታያታለች።