የክንዱ ኩፖን

«ይህ ደግሞ የባለቤትሽ ነው» አለና ጓድ ሣህሉ ሁለተኛውን የኩፖን ጥራዝ ጭኔ ላይ አስቀመጠው።

መርከቧ ገና ከባሕር ዳር ወደብ መላቀቋ ነበር። «ባለቤቴ የለም እኮ» አልሁት። ሣህሉ የፋብሪካችን ሠራተኞች ማኅበር ጸሐፊ ነው፤ ከወረቀት ሌላ የሚያምነው ነገር የለም። ዝርዝሩን ገለጠና በጣቱ አሳየኝ፤ ክንዱ አዘዘ፣ መካኒክ። ደመወዙ ከተቋረጠ ቆይቷል፤ ስሙን ግን ማንም ለመሰረዝ አልደፈረም። ለመሰረዝ የት እንደ ደረሰ መጠየቅ ያስፈልጋላ!

ክንዱን በ1970 ዓ.ም. ሁለት ሰዎች «ለአንድ ጥያቄ ትፈለጋለህ» ብለው ከቤት ወሰዱት። ይኸው ሦስት ዓመት፣ ያ ጥያቄ አላለቀም። ሬሳ አላየሁም፤ ሞተ ያለኝም የለም። ስለዚህ ፍትሐት አላስደረግሁም፣ ተዝካር አላወጣሁም። የነፍስ አባቴ አባ ገብረ መስቀል «ልጄ፣ ነፍሱን መንገድ ላይ አታቁሚያት» ባሉኝ ቁጥር ተቆጥቼ እመለሳለሁ። በሕይወት ያለ ሰው ይፈታል እንዴ?

ሽርሽሩ ለኮከብ ሠራተኞችና ለትዳር ጓደኞቻቸው የተሰጠ ነው፤ እስከ ዘጌ ደርሶ መልስ። ኩፖኑ አንድ ሚሪንዳ፣ አንድ ዳቦና አንድ የቶምቦላ ካርድ ያሰጣል፤ ሁሉም በነፃ። ግን በገንዘብ አይለወጥም፣ ለሌላ ሰው አይሰጥም፣ ያልበሉትና ያልተጫወቱበትም እዚያው ይቀራል። «የመርከብ ነገር ከመርከብ አይወርድም!» አለ ሣህሉ በድምፅ ማጉያው። ሦስት ጊዜ ደጋገመው። ስጦታ ሰጥቶ እንዲህ የሚጨነቅ ሰው አይቼ አላውቅም።

አብራኝ ፈትል ክፍል የምትሠራው ሰገነት አጠገቤ ተቀምጣለች። ነፃ ከተባለ መርዝም አይቀራት። ሣህሉ ሳያይ የክንዱን ዳቦ ልሰጣት ጥራዙን ገለጥሁ። የሚሪንዳውና የዳቦው ቅጠል ተቀዶ ሄዷል፤ የቀረው የቶምቦላው ብቻ ነው።

ወደ ባንኮኒው ሄጄ የክንዱን ዳቦ ጠየቅሁ። «አሁን ወሰደው እኮ» አለችኝ አሳላፊዋ፣ ቀና እንኳ ሳትል።

«ማነው የወሰደው?»

«ባለ ቱታው። ቀዝቃዛው ጥርሴን ያመኛል፣ ከውጭ ያለውን ስጭኝ አለ።»

ዙሪያዬን አየሁ። ከመርከቧ ላይ ቱታ የለበሰ አንድም ሰው የለም፤ ለሽርሽር ማን ቱታ ይለብሳል? ክንዱን ግን ከሥራ እንደ ገባ፣ ቱታውን ሳያወልቅ ነበር የወሰዱት። ቀዝቃዛ ነገርም ጥርሱ አይችልለትም ነበር። ወንበር ወንበሩን እየያዝሁ ወደ ቦታዬ ተመለስሁ።

ሐይቁ ላይ ጉም ወርዶ ዳሩ ጠፍቷል። ሣህሉ ከቆርቆሮ ውስጥ ቁጥር እያወጣ ይጠራል፤ እኛ በሽንብራ ካርዳችንን እንሸፍናለን። የክንዱን ካርድ ከአጠገቤ ባዶው ወንበር ፊት አኖርሁት። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

«ሠላሳ ስምንት!»

የራሴን ካርድ አይቼ ዞር ስል የክንዱ ሠላሳ ስምንት ላይ ሽንብራ ተቀምጧል።

«ሰገነት፣ አንች ነሽ?»

«ኧረ እጄን ይቁረጠው! አልነካሁም።»

«ሰባት!»

አሁን ዓይኔን ካርዱ ላይ ተከልሁ። ባዶ ነው። ሳላስበው ዓይኔን እርግብ ባደርግ፣ ሽንብራው ሰባት ላይ ተገኘ። ነካሁት፤ ከውኃ የወጣ ያህል ርሷል። ሰገነትም አየችው። አማተበችና ወንበሯን ወደ ኋላ ሳበች።

ከዚያ በኋላ የተጠራው ሁሉ እሱ ካርድ ላይ ነበር። «ማን ሞላ?» ሲል ሣህሉ፣ ሰገነት «ክንዱ ሞልቷል!» አለች።

ሽልማቱ የሱፍ ብርድ ልብስ ነው። ሣህሉ ካርዱን አየና መዝገቡን ዘረጋልኝ። «ባለቤቱ ነበር የሚፈርም» አለ፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ክፉ ሰው አይደለም። «የብርጓል፣ ‹ስለ ሟች ባለቤቴ› ብለሽ ጻፊና ውሰጅው። እኔም ስሙን ከዝርዝሩ አወጣዋለሁ። አለዚያ እዚሁ ይቀራል።»

እስክሪብቶውን ያዝሁ። አጠገቤ ያለው ወንበር ሲጥጥ አለ።

«አልጽፍም! ባሌ አልሞተም» ብዬ መዝገቡን መለስሁለት።

ብርድ ልብሱን አጥፎ ወሰደው። ቅር አላለኝም፤ እንዲያውም ደስ አለኝ። በልቷል፣ ጠጥቷል፣ ቁጥሩን ሞልቷል፤ እንግዲህ ይዤው ቤቴ መግባት ነው። «ስንወርድ ከኋላዬ እንዳትርቅ» አልሁት ባዶውን ወንበር። ሰገነት ሰምታ ፊቷን ወደ ሐይቁ አዞረች።

ከዘጌ ተመልሰን ወደብ ስንደርስ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። ሁሉም እስኪወርድ ጠብቄ የመጨረሻዋ ሆንሁ። መውረጃው ረጅም ሳንቃ ነው፤ ሰው ሲቆምበት መካከሉ ይረግባል። መሬት ረግጬ ዞር አልሁ። ሳንቃው ላይ ማንም የለም፤ መካከሉ ግን እንደ ረገበ ነው።

እጄን ዘረጋሁ። «ና» አልሁት። «ና እንጅ፣ ክንድዬ። አንድ እርምጃ ነው የቀረህ።»

ሳንቃው ተንቀጠቀጠ። እንዲያ ሆኖ ብዙ ቆየ፤ የሚታገል ነው የሚመስለው። ከዚያ ቀስ እያለ ቀና አለ፤ እርጥብ የእግር ዱካም አንድ በአንድ ወደ መርከቧ ውስጥ ተመለሰ።

«የብርጓል! አውቶቡሱ ሊሄድ ነው!» ሰገነት ከመንገዱ ትጣራለች።

መውረድ አልቻለም። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ያስቆምሁት እኔ ነኝ። ነጠላዬን ከትከሻዬ አወረድሁና አዘቅዝቄ፣ ጥለቱን ወደ አንገቴ አድርጌ፣ ኀዘንተኛ እንደሚለብሰው ለበስሁት።

ሰገነት ከሩቅ አየችኝ። ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች።