መጣሁ

ልጅቷን ከ2015 ዓ.ም. ወደ 1960ው ቢቸና ያመጣት የሾላ ዛፍ ግንዱን ለአፍታ ከፈተላት። አሁን ካልገባች እናቷን ዳግም አታይም ነበር። የሚወዳት የቅኔ ተማሪ በአንድ እጁ የውሻ ጥርስ ያረፈበትን በትሩን፣ በሌላው እጇን ጨብጦ ቆመ።

«መጣሁ» አለችው።

«ሰሙ መጣሁ፣ ወርቁ ሄድኩ ነው» አለ ፈገግ ለማለት እየሞከረ። «እኔ ግን ለዛሬ ሰሙን አምናለሁ። እዚሁ እጠብቅሻለሁ።» እጇን ለቀቃት።

በግንዱ አልፋ በዘመኗ ብቅ ስትል የእጁ ሙቀት ከመዳፏ ገና አልጠፋም። ከሾላው ሥር ጺማቸው የነጣ መሪጌታ ተቀምጠው ነበር፤ ያው የውሻ ጥርስ ያረፈበት በትር ጉልበታቸው ላይ ተጋድሟል። ቀና ብለው አዩዋት።

«ትንሽ ቆየሽ» አሏት።