የአንደኛ ክፍል ግድግዳ

«ወደ ዋናው ነጥብ ከመግባቴ በፊት…» ይላሉ የታሪክ መምህሩ፣ ክራቫታቸውን እያስተካከሉ።

ከጠረጴዛው ማዶ አንዱ ሳቁን በሳል ይሸፍናል። ተማሪዎቹ ሳይቀሩ «ጋሽ መግቢያ» ነው የሚሏቸው፤ ዋናው ነጥብ ላይ ሲደርሱ ያየ የለም።

ርዕሰ መምህሩ ታመው ስለቀሩ ስብሰባውን የምትመራው ምክትላቸው ናት። በዕድሜ ከአብዛኞቹ ታንሳለች። አጀንዳው የአንደኛ ክፍል ግድግዳ ነው። ከክረምቱ ወዲህ የተሰነጠቀው አሁን እጅ ያስገባል። በየሳምንቱ ይሰበሰባሉ፤ በየሳምንቱ «በሰፊው ተወያይተውበት» ይለያያሉ።

የታሪክ መምህሩ ትምህርት ቤቱ እንዴት እንደተመሠረተ ይተርካሉ። የሒሳብ መምህሩ ጉዳዩ የግንባታ ኮሚቴው ነው ይላል። ኮሚቴው ድሮ ፈርሷል ይለዋል ሌላው። እንግዲያው ይቋቋም። ማን ያቋቁመው? ለእሱም ኮሚቴ ያስፈልጋል። ስልኩን የሚነካካው ይነካካል፤ የሚያንቀላፋው ያንቀላፋል።

የአንደኛ ክፍል አስተማሪዋ እጇን ካወጣች ቆይታለች። ያየቻት ምክትሏ ብቻ ናት።

«ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ላቋርጥዎት ነው።»

«ገና መግቢያው ላይ ነኝ እኮ፣ ልጄ!»

«አውቃለሁ። እሷ ትናገር።»

አስተማሪዋ ትነሳለች። «ዛሬ ጠዋት ፊደል እያስቆጠርኩ የጡብ ቁራጭ ወደቀ። አንዲት ልጅ እርሳሷን ልታነሳ ጎንበስ ብላ ነበር። የወደቀው ወንበሯ ላይ ነው።» ሁሉንም በየተራ ታያለች። «ነገ እዚያ ክፍል ልጅ አላስገባም። ከፈለጋችሁ አባርሩኝ።»

ያንቀላፋው ነቅቷል።

«በቃለ ጉባኤ ይያዝ» ይላል ጸሐፊው።

«እስክሪብቶህን አስቀምጠው፣ ወንድሜ።» ምክትሏ ብድግ ትላለች። «ከአሁን በኋላ "መደረግ አለበት" የሚል ሰው ማን እንደሚያደርገውና መቼ እንደሚያደርገው አብሮ ይንገረን። ነገ ጠዋት እነዚህ ልጆች የት ይማራሉ?»

አንዱ ወደ ጣሪያው፣ ሌላው ወደ ጫማው ያያል። ምክትሏ አትቀመጥም።

የታሪክ መምህሩ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ሁሉም ለረጅም ንግግር ይዘጋጃል።

«እዚህ» ይላሉ።

«እዚህ የት?»

«እዚህ፣ እኛ የተቀመጥንበት። ሰፊ ነው፣ ብርሃን አለው።»

«እኛስ የት ልንሰበሰብ ነው?» የሒሳብ መምህሩ ነው።

«በረንዳ ላይ፣ በቁማችን» ትላለች ምክትሏ። «የቆመ ሰው ወሬ አያበዛም። ግንበኛ ማን ያመጣል?»

«የእህቴ ባል ግንበኛ ነው። ነገ ትምህርት ሳይጀመር ይዤው እመጣለሁ» ይላል አንቀላፍቶ የነበረው።

«እስካሁን የት ነበርክ ታዲያ?»

«ማን ጠየቀኝ!»

ሳቅ ያመልጣቸዋል። ጸሐፊው ግን አይስቅም። «ርዕሰ መምህሩ ሳይፈቅዱ? ሲመለሱ እሳት ለብሰው እሳት ጎርሰው ነው የሚመጡት።»

እሷም ታውቃለች። ምክትልነቷም ገና በሙከራ ላይ ነው።

«እኔ ወስኛለሁ፤ የሚጠየቀውም ሰው እኔ ነኝ» ትላለች። «ተነሱ፣ ጠረጴዛውን እናውጣ።»

ኮቶች ይወልቃሉ። የታሪክ መምህሩ እጅጌያቸውን ሰብስበው አንዱን ጫፍ ያነሳሉ፤ የሒሳብ መምህሩ ሌላውን። «ወደ እርስዎ! ቀስ! በጎኑ አዙሩት!» ጠረጴዛው በሩን ፍቆ ይወጣል። ከግቢው ማዶ የልጆቹ አግዳሚዎች አንድ በአንድ ይገባሉ፤ ዝቅ ያሉ፣ ጠርዛቸው በትንንሽ ጥርስ የተነከሰ።

የመጨረሻው ሲገባ ክፍሉ ጭር ይላል። ሌሎቹ እጃቸውን ሊታጠቡ ወጥተዋል። ምክትሏ ከፊተኛው አግዳሚ ላይ ቁጭ ትላለች፤ ጉልበቷ ደረቷ ድረስ ይመጣል። ጸሐፊው የተወውን የቃለ ጉባኤ መዝገብ ትከፍታለች። ውሳኔውን በራሷ እጅ ትጽፍና ከሥሩ ትፈርማለች።